ሕመም የሌለው የአፍ ውስጥ ዕብጠት

ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ አንግቶ በማለዳ ወደ ሐኪም ይገሠግሣል። የማያምመውን ነገር ግን «ከሥራ ፋታ እስካገኝ ይቆይ» እያለ ቀን ይቀጥርለታል። ዛሬ የምናወሳው በሽታ የሚያድገው በዚሁ ልማድ ተሸሽጎ ነው።

በአፍ ውስጥ ከሚነሣው ነቀርሳ ከመቶ 90 ያህሉ የሚጀምረው አፍን ከውስጥ ከሚያለብሰው ስስ ሽፋን ነው፤ ትምባሆና የአልኮል መጠጥም ዋና አጋዦቹ ናቸው። የቀረው ጥቂቱ ግን ምንጩ ሌላ ነው። በከንፈር፥ በጉንጭና በትናጋ ሽፋን ሥር ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን የምራቅ ዕጢዎች ተበትነው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ወደ ነቀርሳ ሲለወጥ፥ ብዙውን ጊዜ በትናጋ ላይ ጠጠር ያለ ዕብጠት ይታያል። በዝግታ ስለሚያድግና መጀመሪያ ላይ ላያምም ስለሚችል ባለቤቱ ይለምደዋል።

ከእነዚህ አንዱን ቢልሮት የተባለው ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. «ሲሊንድሮማ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዛሬ አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ ይባላል። ይህ ነቀርሳ ነርቭን ተከትሎ እንደ ሐረግ ይሳባል። ስለዚህ ከንፈር ወይም ትናጋ ያለ ምክንያት ቢደነዝዝ ምልክቱን መናቅ አይገባም። ከታከመ ከብዙ ዓመት በኋላም በሳንባ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው።

ሁለተኛው ብርቅ ነቀርሳ ሜላኖማ ነው። በአብዛኛው የሚወጣው በትናጋና በላይኛው ድድ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። በእኛ ዘንድ በተፈጥሮው የጠቈረ ድድ ብዙ ነው፤ ለጌጥ የተነቀሰም አለ። ስለዚህ ጥቁረት ብቻውን አያስፈራም። የሚያሳስበው አዲስ የወጣ፥ ቅርጹ የተዛባ፥ የሚሰፋ፥ የሚያብጥ ወይም የሚደማ ጥቁረት ነው።

ታዲያ በሽታው በምን ይታወቃል? ሐኪም በዓይኑ አይቶ ብቻ ሊፈርድ አይችልም። ቦታውን አደንዝዞ ጥቂት ሥጋ ይወስዳል፤ ይህም ባዮፕሲ ይባላል። ናሙናው ልዩ ልዩ ቀለም እየተነከረ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ነቀርሳነቱ ሲረጋገጥም ወደ አጥንትና ወደ ነርቭ ምን ያህል እንደ ዘለቀ በሲቲ ስካንና በኤም.አር.አይ. ይታያል። «ብረት ከነካው ይስፋፋል» እያሉ ከባዮፕሲ የሚሸሹ ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን በሽታውን የሚያስፋፋው መዘግየት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በወር አንድ ቀን ጥርስዎን ከፋቁ በኋላ በመስተዋት ፊት አፍዎን ከፍተው በብርሃን ይመልከቱ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቍስል፥ ያልጠፋ ዕብጠት፥ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ ወይም ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ አልድን ያለ ጉድጓድ ቢያገኙ፥ ባያምምዎትም እንኳ ለሐኪም ያሳዩ። ምናልባት የሚያሰጋ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ይህን ግን የሚያረጋግጠው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ በሽታ ግን ራሱን በራሱ ይሸሽጋልና፥ ፈልጎ ማግኘት የእኛ ፈንታ ነው።