ስሜን ተራሮች፦ ከአደጋ መዝገብ መውጣት የጥበቃ ፍጻሜ አይደለም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ ጎረቤቶቼና በዚህ ገጽ የምትከታተሉኝ ወዳጆቼ፣ «ስሜን ተራሮች ከአደጋ መዝገብ ከወጣ ወዲያ ምን ያሳስባል?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሙያ የምተዳደር እንደ መሆኔ መጠን መልሴን እነሆ አቀርባለሁ፤ ከመዝገብ መውጣቱ የሥራው መቅድም እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

1. ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያ በመመናመኑ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽም በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ።

2. የዘላቂ ዕቅድ መሠረቱ መሬቱን በቀጠና ከፍሎ ለዱር አራዊት፣ ለጎብኚና ለውሱን ግጦሽ መደልደል ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ባለው በጊች አምባ ከብት እስከ ሥሩ የጋጠው የጓሳ ሣር የሚያገግመው በዓመታት ዕረፍት ነውና።

3. ለፓርኩ ጥበቃ ሲባል ከጊች ወደ ደባርቅ ከተማ የተዛወሩት ወገኖቻችን ኑሮ ካልተቃና፣ ጥበቃው ጽኑዕ አይሆንም።

ጥያቄያችሁን ጻፉልኝ፤ በትሕትና እመልሳለሁ።