በአንድ አክታ ሁለት ዓይነት ቲቢ

አንድ የቲቢ ታማሚ በሳንባው የሚይዘው አንድ ዝርያ ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ከኬፕታውን የወጣ ጥናት ይህን አናጋው፤ ከታማሚዎቹ 19 በመቶው ቤጂንግ የሚባለውን ዝርያና ከእሱ የተለየ ሌላ ዝርያ ባንድ ጊዜ ይዘው ተገኙ። አንደኛው መድኃኒቱን የተላመደ ከሆነ ጣጣ ነው፤ ሕክምናው ደካማውን ጠርጎ ሜዳውን ለተላመደው ይለቅለታል።

እንዲህ ያለውን የዝርያዎች ቅይጥ ለመለየት በሰፊው ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ሚሩ ቪኤንቲአር ነው። በባክቴሪያው ዘረመል አንዳንድ ቦታዎች ላይ አጫጭር ቁራጮች ይደጋገማሉ፤ የድግግሞሹም ብዛት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ላቦራቶሪው 24 ቦታዎችን በፒሲአር አባዝቶ ይቆጥራል። ዝርያው አንድ ከሆነ ከየቦታው አንድ ቁጥር ይወጣል። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቦታዎች ሁለት ሁለት ቁጥር ከመጣ ቅይጥ ነው ይባላል። በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ግን አይቸኮልም፤ ያው ዝርያ እዚያው ታማሚው ውስጥ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ስፖሊጎታይፒንግ የሚባለው ሌላው ዘዴ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። 43 የዘረመል ቁራጮችን "አለ" ወይም "የለም" እያለ ስለሚያነብ፣ የአንዱን ጉድለት ሌላው ሲሞላው ጭራሽ የሌለ ሦስተኛ ዝርያ ያለ ሊመስል ይችላል። 4.4 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ያለውን ሙሉ ዘረመል ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል፤ በብዙ ቦታ ንባቡ ለሁለት ከተከፈለ የእያንዳንዱን ድርሻ እስከ መገመት ያደርሳል። እጅግ ጥቂት የሆነው ዝርያ ግን ከማሽኑ ስህተት ጋር ይምታታል። በአገራችን ጤና ተቋማት የሚታወቀው ጂን ኤክስፐርት ዝርያ አይለይም፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የተላመዱት ጥቂት ከሆኑም ሳያያቸው ሊያልፍ ይችላል።

በእኔ እይታ ዋናው ችግር ከማሽኑ በፊት ያለው ነው። በአክታው ያለው ባክቴሪያ ለሳምንታት በካልቸር (በላቦራቶሪ ማሳደጊያ) ሲያድግ ፈጣኑ ዝርያ ዘገምተኛውን ይውጠዋል። ባለሙያው ካደገው ላይ አንድ ኮሎኒ ብቻ ካነሳ ደግሞ ሁለተኛው ዝርያ እዚያው ቀረ። ያደገውን በሙሉ ጠርጎ መውሰድ ወይም ዘረመሉን በቀጥታ ከአክታው ማውጣት ይሻላል።

"ቤጂንግ ነው ወይስ አይደለም" የሚለው የኬፕታውኑ ጥናት ጥያቄም የሚያዋጣው ቤጂንግ በበዛበት አገር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ሰባተኛው የዘር ሐረግ ተብሎ የተመዘገበው ቲቢና ሌላ ቤጂንግ ያልሆነ ዝርያ በአንድ ሰው ቢገናኙ ይህ ምርመራ ሁለቱንም "አይደለም" ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ ስለ ቅይጥ ቲቢ የተጻፈ መቶኛ ስታነቡ፣ በየትኛው ዘዴ እንደተለካና ናሙናው ከካልቸር ወይስ በቀጥታ ከአክታ እንደተወሰደ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።