ያውቁ ኖሯል? በባሕር መካከል የቆሙ የመስቀል ድንጋዮች

ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ዓለት አለች። ስሟ ስኬሊግ ማይክል ነው፤ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ተሰይማለች። በዚህች ጠባብ ደሴት ላይ ብቻ፣ መስቀል የተቀረጸባቸው ወይም ራሳቸው በመስቀል ቅርጽ የተጠረቡ ከ100 በላይ ድንጋዮች እንደሚገኙ ያውቁ ኖሯል?

መነኮሳት የገቡባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ገዳሙ ከባሕሩ 180 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ከ600 በላይ የሆነውን የድንጋይ ደረጃ ያነጠፉት መነኮሳቱ ናቸው። የሚጠጡትም ያጠራቀሙትን የዝናብ ውሃ ነበር።

በዓቶቻቸው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እንደተሠሩስ ያውቁ ኖሯል? እያንዳንዱ የድንጋይ ረድፍ ከሥሩ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ እያለ ይሄድና ጫፉ ላይ ይገጥማል። ከውጭ ክብ፣ ከውስጥ አራት ማዕዘን ናቸው። ስድስቱ ዛሬም አሉ። ይህን ጥበብ እጅግ አደንቃለሁ።

ደሴቲቱ ግን ከወራሪ አላመለጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ824 ቫይኪንጎች ኤትጋል የተባለውን የስኬሊግ ሰው ማርከው ወሰዱት፤ ብዙም ሳይቆይ በረሃብና በጥም ሞተ።

የአየርላንድ መነኮሳት አርአያ የግብፅ በረሃ አባቶች ነበሩ። እኛ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ብለን የምናከብራቸው ቅዱሳን፣ ቁራ ኅብስት ይዞላቸው ሲመጣ አየርላንድ ውስጥ በኬልስና በሙን ባሉ ታላላቅ የድንጋይ መስቀሎች ላይ ተቀርጸዋል። የደብረ ዳሞን ገደል በጠፍር ተስቦ የወጣ ሰው የስኬሊግን መነኩሴ ሐሳብ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያሻው አይመስለኝም። ሁለቱም ገዳማት ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል።

በባሕር መካከል የመስቀል ድንጋይ ያለው በስኬሊግ ብቻ አይደለም፤ በስኮትላንድ፣ ከባራ ደሴት በስተ ደቡብ ባለችው በፓቤይ ደሴትም አንድ ድንጋይ አለ፤ መስቀልና ፒክቶች የተባሉት የጥንት የስኮትላንድ ሕዝብ ምልክቶች አብረው ተቀርጸውበታል። ፒክቶቹ ምልክቶቹን ምን ለማለት እንደቀረጿቸው እስካሁን የፈታ የለም።

ስኬሊግ ማይክል እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባ አይጠጋትም። «ስታር ዋርስ»ን ከተመለከቱ ግን ሳያውቋት አይተዋታል፤ በ2015ቱ ፊልም ማብቂያ ላይ ሬይ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የምትወጣው ደረጃ ለቀረጻ የተሠራ አይደለም፤ መነኮሳቱ ያነጠፉት ነው። ዳግም ሲያዩት ይህን ልብ ይበሉ።