ያለ ምድጃ፣ ያለ ማቀዝቀዣ፤ የተማሪ ስንቅ በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሲወጡ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን አልፈው ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ለዋና ከተማዋ ወተት፣ ድንችና ጎመን በእነዚህ መንገዶች ይገባል። በእነዚሁ ከተሞች ኮሌጅ የሚማሩ፣ ወይም የአዲስ አበባ ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው እዚህ አድረው ጠዋት በታክሲ ወደ ከተማ የሚወርዱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ምግብ ከሚመረትበት አገር ላይ ተቀምጠው ብዙዎቹ በዳቦና በሻይ ይውላሉ።

ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉም ነው። ዶርም ውስጥ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው አንድ አልጋና አንድ ሎከር ነው። ማቀዝቀዣ የለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተገኘ የዶርሙ ተቆጣጣሪ (ፕሮክተር) ይወስደዋል። ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። አከራዩ ገና ቁልፍ ሲሰጥ «አምፖልና ስልክ ብቻ፤ ምድጃ አይሰካም» ብሎ ይዋዋላል፤ ቆጣሪው የጋራ ነውና።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ1000 እስከ 2000 ዋት ይስባል። በአንድ ሶኬት ላይ ማከፋፈያ በማከፋፈያ በተደረደረበት አሮጌ ሕንፃ እንዲህ ያለ ጭነት እሳት ያስነሳል። ሆኖም ክልከላው ብቻውን ሲቀር ተማሪውን ወደ ባሰ ነገር ይገፋዋል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ምድጃ የተከለከለ ተከራይ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉ ውስጥ ያስገባል፣ ለሙቀቱም ሲል በሩን ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የማመቻምች አይደለሁም፦ በተዘጋ ክፍል ከሰል አይገባም፤ ወጥ ለመሥራትም፣ ለመሞቅም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካፌ አለው ይባላል። እውነት ነው፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት የምግብና የመኝታ ወጪው ተመራቂው ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ግቢ ውስጥ መብላት ያልፈለገ ደግሞ ነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን በእጁ ይቀበላል። ነገር ግን ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው ለዓመታት 15 ብር፣ ከዚያም 22 ብር ነበር። 100 ብር የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚበላበት ገበያ በአገሪቱ እንዳልነበረ ማንም የገበያ ሰው ያውቃል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ይህንንም አያገኝም፤ ያለው ከቤት የተላከለት ብርና ከቤት የያዘው ስንቅ ነው።

እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ስንቅ ነው። የአገራችን እናቶች ማቀዝቀዣ ሳይኖር ለመንገደኛ፣ ለዘማችና ለተማሪ የሚሆን ምግብ የማዘጋጀት ጥበብ ካዳበሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። የአብነት ተማሪው ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር አኩፋዳው ውስጥ የሚያኖረው ደረቅ ነገር ነበር። ዛሬም ዶርም የሚገባ ልጅ ሻንጣ ሲከፈት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ይወጣል። ችግሩ ልጁ ይህን ለጾም ቀን ወይም ገንዘብ ላለቀበት ሳምንት የሚሆን የድህነት ምግብ አድርጎ ማየቱ፣ በምትኩም ብስኩትና በፍል ውሃ የሚደርስ ኑድል መግዛቱ ነው። በኑድሉ ከረጢት ያለው ቅመም ጨው ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

በሶን እንመልከት። ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈጭ ዱቄቱ የበሰለ ነው፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። በ100 ግራም ገብስ ውስጥ 10 ግራም ያህል ፕሮቲንና ብዙ አሰር አለ፤ አሰሩ ሆድ ይይዛል፣ የደም ስኳርንም በአንዴ ከፍ አያደርግም። በሱሉልታ የሚለማመዱ ሯጮች ዘንድ በሶ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ በሠራባት ከተማ ይህን ማስረዳት አያስፈልግ ይሆናል። በቲቤት ደጋ የሚኖሩ ሰዎችም ጻምፓ የሚሉትን የተቆላ የገብስ ዱቄት ዕለት ዕለት ይበላሉ፤ ደጋና ብርድ ያለበት አገር፣ ማገዶም የጎደለበት፣ ወደዚሁ መልስ ደርሷል። ከሱሉልታ አልፎ ያለው የሰላሌ አገር ደግሞ ጭኮ አለው። በሶው በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ስለሚታሽ ክዳን ባለው ዕቃ ሳምንታት ይቆያል፤ አንድ ጭብጥ ጭኮ በልቶ የወጣ ልጅ እስከ ምሳ አይራብም።

ገብስ ብቻውን ግን አይበቃም። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ይህ አለው። የገብስ ቆሎ ላይ ሽምብራ የሚጨመረው ለጣዕም ይመስላል፤ በሥነ ምግብ ዓይን ሲታይ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ባቄላ ከሩብ በላይ ክብደቱ ፕሮቲን ነው፤ ቤት ውስጥ ተቆልቶ ከመጣ ማታ ነክሮ ጠዋት አሹቅ አድርጎ መብላት ይቻላል። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ እሳት አይፈልግም። እንጀራው በሦስትና በአራት ቀን መሻገት ስለሚጀምር ትርፉን ቶሎ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ማድረግ ነው። ድርቆሽ በደረቅ ቦታ ለወራት ይቀመጣል፣ በፍል ውሃ ይርሳል። ሁሉም ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፤ የስንቅ ጠላቶቹ እርጥበት፣ ነቀዝና አይጥ ናቸው። የሻገተ ለውዝ ግን ታጥቦም ቢሆን አይበላም፣ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል።

ከቤት ስንቅ የሚጎድለው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ግራም ይመክራል፤ በአገራችን ይህን ያህል የሚበላ አዋቂ በጣም ጥቂት ነው። ለተማሪ ግን ይህ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ብርቱካን ማብሰያ አይፈልጉም። ጥቅል ጎመን በቀዝቃዛ ክፍል ከሳምንት በላይ ይቆያል፤ የደጋው ብርድ እዚህ ላይ ለተማሪ ይሠራለታል። በደንብ ታጥቦ ተከትፎ፣ ሎሚና ጨው ተጨምሮበት በዳቦ ይበላል። ሎሚው ሌላም ሥራ አለው፦ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ቫይታሚን ሲ ያግዛል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ግን ብረቱን ይይዘዋል። በየወሩ ደም ለሚፈሳት ሴት ተማሪ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዳቦ በሻይ የምትበላ እህቴ ሻይዋን አንድ ሰዓት ያህል ብታዘገየው፣ በምትኩ ብርቱካን ብትልጥ፣ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ጤናዋን ታግዛለች። የተቀቀለ እንቁላል በየመንገዱ በሚጥሚጣ ይሸጣል፤ ጥሬው እንቁላልም ካልታጠበ በደጋ ብርድ ያለ ማቀዝቀዣ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

ፍል ውሃ የሚገኝ ከሆነ ፔርሙዝ ብዙ ይሠራል። ማታ አጃ ወይም ቅንጬ ጨምሮ የፈላ ውሃ ሞልቶ መክደን ነው፤ ጠዋት ቁርስ ደርሷል። የውሃ መፍያ ሙቀት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል፤ በሱሉልታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ፣ በሰበታም ከ93 ብዙ ሳይርቅ ይፈላል። የሽምብራና የአተር ክክ ለመብሰል የቆላ ዘመዶቻችን ከሚያውቁት በላይ የሚቆየው በዚህ ነው፤ ማታ መንከር ጊዜና መብራት ይቆጥባል። ቦሎቄ ግን በፔርሙዝ በጭራሽ አይሠራም። ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ያለው መርዛማ ፕሮቲን የሚጠፋው ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ ሲንተከተክ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ መቆየቱ ሆድ ያናጋል። ጥሬ ወተትም እንዲሁ፦ ሱሉልታ ላይ ከላም ባለቤት በርካሽ ይገኛል፤ ካልፈላ ግን የላም ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል። ማፍያ የሌለው ተማሪ ፓስተራይዝድ የሆነውን ገዝቶ በዕለቱ ይጠጣ።

ይህን ሁሉ ለተማሪው የምነግረው ዛሬ ማታ መብላት ስላለበት ነው። ነገር ግን በ20 ዓመቱ ያለ ልጅ በባልዲና በፔርሙዝ ብቻ አራት ዓመት እንዲማር መፍረድ ትክክል አይደለም። ኮሌጆች ምድጃ ሲከለክሉ በምትኩ ምን እንደሰጡ ይጠየቁ። በየሕንፃው አንድ የጋራ ማብሰያ ክፍል፣ ለዚያ የተዘረጋ ገመድና የራሱ ማቋረጫ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ማታ የሚዘጋ በር፤ ወጪው አንድ ትንሽ አዳራሽ ከማደስ አይበልጥም። አከራዮችም ለተከራዩ ክፍል የራሱን ንዑስ ቆጣሪ ካስገቡለት ምድጃ የሚከለክሉበት ምክንያት ይቀንሳል። ለኮሌጅ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ፈቃዱን ሲሰጥና ሲያድስ፣ ማደሪያ አለኝ የሚል ተቋም ማብሰያ ክፍልና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ እንዳለው አብሮ ይመርምር። በመስከረም ልጃችሁን የምትልኩ ወላጆችም የምዝገባ ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት ዶርሙን ግቡና እዩ፤ ምግቡን የት እንደሚያኖርና የት እንደሚያበስል ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።