እንግሊዞች እንግሊዝኛ ሲማሩ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ፥ በእንግሊዝኛ ተጣልቶ በእንግሊዝኛ የታረቀ የ17 ዓመት ልጅ፥ ይህንኑ ቋንቋ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የሚማረው ምን ቀርቶበት ነው? በደብተራችን ላይ የአስተማሪ ቀይ ቀለም እየተሰመረብን ላደግነው ለእኛ፥ መልሱ «ሰዋስዉን ለማሻሻል» ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ተማሪው በ16 ዓመቱ የመጀመሪያውን ታላቅ ፈተና ከጨረሰ በኋላ «ሲክስዝ ፎርም» ወደሚባለው የሁለት ዓመት ክፍል ሊገባ ይችላል። በዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጦ፥ በመጨረሻ በ«ኤ ሌቭል» ይፈተናል። ይህ ፈተና የተጀመረው በ1951 ነው (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ያን ጊዜ በኤ ሌቭል እንግሊዝኛ ማለት በተለይ ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ቋንቋው ራሱን ችሎ በኤ ሌቭል የተለየ ትምህርት የሆነው በ1980ዎቹ ነው። ዛሬም ቢሆን ስሙን ብቻ አይቶ የሚመዘገብ አይጠፋም። ልብ ወለድ አነባለሁ ብሎ ይገባና የአንድ ሕፃን ንግግር ከነመንተባተቡ በወረቀት ተጽፎ ሲሰጠው ይደነግጣል።

የሕፃን ንግግር ስል ቀልድ እንዳይመስልዎ። በእንግሊዝኛ «ጎ» የሚለው ግስ ላለፈ ጊዜ «ዌንት» ይሆናል። ሕፃኑ ግን «ጎውድ» ይላል። አዋቂው ሰምቶ ይስቃል፤ ወይም ያርማል። የሲክስዝ ፎርም ተማሪ ግን «ይህን ቃል ልጁ ከማን ሰማው?» ብሎ መጠየቅ ይማራል። ከአዋቂ አልሰማውም፤ ደንቡን ራሱ አውጥቶ ከሚገባው በላይ ሠራበት እንጂ። አሜሪካዊቷ ምሁር ጂን በርኮ በ1958 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ በሥዕል ፈትናለች። ወፍ የሚመስል ፍጡር ሥላ «ዋግ» ብላ ሰየመችው (እህል የሚመታው ዋግ አይደለም)፤ ከዚያም ሁለቱን አሳይታ ምን እንደሚባሉ ልጆቹን ጠየቀች። ቃሉን ሰምተውት የማያውቁ ልጆች «ዋግዝ» ብለው አበዙት። እርስዎም በቤትዎ ሕፃን ካለ ጆሮዎን ይስጡት፤ «መጣ» ከሚለው ተነሥቶ፥ «ና» በማለት ፈንታ «ምጣ» ቢል፥ ከመቆጣትዎ በፊት እንዴት እንዳሰበ ይመልከቱ።

ትምህርቱ ቋንቋ በዘመን እንዴት እንደሚለወጥም ይመረምራል። ለአለቃው «እርስዎ» ለጓደኛው «አንተ» እያለ የሚውል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፥ እንግሊዞች ለሚኒስትሩም ለተላላኪውም አንድ «ዩ» ብቻ መያዛቸው ሳያስገርመው አይቀርም። በሼክስፒር ዘመን ግን «ዛው» የሚል ቃልም ነበራቸው፤ ለቅርብ ወዳጅና ለታናሽ ሲነገር፥ «ዩ» ደግሞ ለአንድ ሰው ሲሆን ማክበሪያ ነበር። በኋላ ማክበሪያው ሁሉን ጠቅልሎ ያዘ። እኔ ይህን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ሰው ሁሉ «አንተ» ሳይሆን «አንቱ» ተብሎ እኩል ሆነ ማለት ነውና።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። በዚህ ትምህርት የለንደን ሠፈር ልጅ አነጋገርም ሆነ የሰሜን ገበሬ አነጋገር «ብልሹ» ተብሎ አይጣልም፤ የራሱ ደንብ እንዳለው ይጠናል። ይሁን እንጂ ተማሪው ይህን የሚያስረዳበት የፈተና መልስ በመደበኛው እንግሊዝኛ የሚጻፍ ነው። አንዳንዶች ይህን ግብዝነት ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። በአነጋገሩ አፍሮ ከክፍሉ ጥግ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ልጅ፥ «አፍህ የተበላሸ ነው» መባልና «ይህን ለዚህ ስፍራ፥ ያን ለዚያ ስፍራ» መባል እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ትምህርቱ ቀላል ነው ብሎ የሚገባ ይሳሳታል። ከታወቁት ፈታኝ ድርጅቶች በአንዱ፥ በኤ.ኪው.ኤ.፥ እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት ተኩል የሚፈጁ ሁለት ፈተናዎች ከጠቅላላው ነጥብ 80 በመቶ ይይዛሉ። ቀሪው 20 በመቶ ተማሪው ራሱ ለሚሠራው ነው፤ ከዚህም ውስጥ 2,000 ቃል ያህል የሚሆን ምርምር አለበት። ርእሱን የሚመርጠው፥ ንግግሩን የሚሰበስበውም ራሱ ነው።

ለምሳሌ ያህል፥ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ሄደው ለንደን የተቀመጡ አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ወላጆቿን አስፈቅዳ የእራት ሰዓት ጨዋታቸውን ትቀዳለች። ከዚያ ቃል በቃል፥ ዝምታውንና «እ...» የሚለውን ጭምር ሳትተው ትጽፈዋለች። እናቷ ስለ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ ቆይታ «ብዪ እንጂ!» ለማለት ወደ አማርኛ የምትመለሰው መቼ መቼ ነው? ስትቆጣ ነው፥ ስታቆላምጥ፥ ወይስ እንግዳ ሲኖር? ልጅቷ እርሳሷን ይዛ አንድ በአንድ ትቆጥራለች።