ተጠራጣሪ ማነው?

«ባለፈው የሰጣችሁኝ መድኃኒት ካርቶኑ ነጭ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ሰማያዊ ነው። እርግጠኛ ነሽ ልጄ?» እያሉ በምሠራበት መድኃኒት ቤት የሚጠይቁኝ እናት አሉ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሚወስዱትም ሜትፎርሚን ነው። ባዶውን ካርቶን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ከአዲሱ ጋር ያስተያያሉ። የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ አንድ መሆኑን፣ የተለያየው አምራቹ ብቻ መሆኑን አሳያቸዋለሁ። የሚያበቃበትን ቀን አይተው፣ ደረሰኛቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ወረፋው ቢረዝምም እኚህን እናት አላጣድፋቸውም። ገበያ ላይ ተመሳስለው የተሠሩ መድኃኒቶች ስላሉ እኔንም መጠራጠራቸው ተገቢ ነው።

«መድኃኒት ሁሉ ኬሚካል ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል» ብሎ ኪኒኑን የሚያቆም ሰውም ይመጣል። ሰዎች ተጠራጣሪ ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ይኸው ሰው «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ንጹሕ ዕፅ» የተባለ ዱቄት በቴሌግራም አይቶ ገዝቷል። ማን ቀመመው? ውስጡ ምን አለ? እስከ መቼ ያገለግላል? አንዱንም አልጠየቀም። ሻጩ «ሐኪሞች ይህን ይደብቋችኋል» ማለቱ ብቻ በቅቶታል። በእኛ ላይ ያነሳውን ጥርጣሬ ሁሉ ሻጩ ጋ ሲደርስ ተወው።

ሻጭን ሳይጠይቁ ማመን የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ የስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በድንገት ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ 4ቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲጣራ ለወሲብ ብርታት የሚሸጡ፣ አንዳንዶቹም የዕፅዋት የተባሉ ምርቶች ውስጥ ግሊቤንክላማይድ ተገኘ። ይህ እኛ በሐኪም ማዘዣ የምንሰጠው የስኳር ኪኒን ነው። እዚያ ግን ስሙም መጠኑም አልተጻፈበትም ነበር።

ዕፅዋትን ንቄ አይደለም። ሜትፎርሚን ራሱ የተገኘው ጋሌጋ የሚባል ተክል ላይ ከተጀመረ ምርምር ነው። መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተመርምሮ እዚህ ደረሰ። ለኩላሊት የሚሰጋ ሰው ስጋቱ ትክክል ነው፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ሜትፎርሚን አይሰጥም። ይህን የሚለየው ግን የደም ምርመራ ነው።

እባካችሁ፣ የምትወስዱትን ኪኒን ወይም ኢንሱሊን ከማቆማችሁ በፊት የገዛችሁትን ዱቄት ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ኑ። እኛን የምትጠይቁትን ጥያቄ ሻጩንም ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትውሰዱት።