መንገደኛው እንግዳ ነው ወይስ ገበያ?



በኅዳር ወር በጂማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች መንገድ የወጣ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። ቡናው ቀልቷል፤ ለቀማው ደርቷል፤ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከጌራ የሚመጣው መኪና ጭነቱ ጆንያ፣ ተሳፋሪው ነጋዴና ለቃሚ ነው። ያን ጊዜ አልጋም እንደ ቡናው ይወደዳል። ሕመምተኛ ያስከተለ፣ ልጅ ያዘለች፣ ለፈተና የመጣ ተማሪ ሁሉ ከገንዘበኛው ጋር እኩል ተሰልፎ አልጋ ይለምናል።

ባለፈው ኅዳር እናታችንን ለዓይን ሕክምና ከአጋሮ ወዲያ ካለችው ትንሽ ከተማችን ወደ ጂማ ይዘናቸው ወጣን። ሐኪሙ «ነገ ጧት ተመለሱ» ስላለን ማደር ግድ ሆነ። መግሪብ ከሰገድን በኋላ አልጋ ፍለጋ ጀመርን። በመጀመሪያው ቤት ያለው ወጣት ቀና ሳይል «አልጋ የለም» አለን። ከጀርባው ባለው ሰሌዳ ላይ ግን ቁልፎቹ ተደርድረው ተሰቅለዋል። እኛ ቁልፎቹን አየን፤ እሱም ማየታችንን አየ። «ተይዘው ነው» አለና ዝም አለ። ለማን እንደተያዙ የገባን በር ላይ ቆመን ስናመነታ ነው፤ ለካስ ክፍሎቹ የሚጠብቁት ለሰዓት የሚከራዩትን ኖሯል። ከአዳሪ አንድ ኪራይ ይገኛል፤ ከእነዚያ ግን በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ።

ሁለተኛው ቤት ተቀበለን። በ600 ብር ተስማማን። «ውሃ አለ?» ብለን ጠየቅን፤ «ሃያ አራት ሰዓት» ተባልን። እናታችን ለዒሻ ዉዱእ ሊያደርጉ ቧንቧውን ቢከፍቱት ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ከታች ያለው መጠጥ ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አላቆመም። ለሱብሒ ወደ መስጊድ ለመውጣት ብንነሳ የግቢው በር ተቆልፏል፤ ዘበኛውን ለመቀስቀስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ጧት ሒሳቡ 800 ብር ሆኖ ጠበቀን። «ሁለት ሰው መሆናችሁን አላወቅንም ነበር» አሉን፤ ማታ ግን ሁለታችንንም ቆመው አይተውናል።

ልንከራከር ስንል እናታችን ክንዳችንን ያዙና «ስጡት፤ እኔ ግን ሐላል አላልኩትም» አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ይህች ቃል ስላስደነገጠችን ነው ይህንን ጽሑፍ የጻፍነው።

እኛም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን እንናገር። በአሥራ ሰባት ዓመታችን፣ በአንድ የቡና ወቅት፣ ማታ ማታ በዘመዳችን አልጋ ቤት ቁልፍ እንይዝ ነበር። አንድ ማታ ሁለት አልጋ ሳይያዝ ቀርቷል። «የቡና ነጋዴዎች ስለሚመጡ ለማንም እንዳትሰጥ» ተብለናል። በትራቸውን ተመርኩዘው አንድ ሽማግሌ መጡ። «ልጄ፣ አልጋ አለ?» አሉን። «አባባ፣ የለም» አልናቸው። «ኸይር ነው» ብለው ሄዱ። ነጋዴዎቹ ሳይመጡ ነጋ። ለሱብሒ መስጊድ ስንደርስ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኮራምተዋል። አልጋው ባዶውን አደረ፤ እሳቸው በብርድ አደሩ። ስማቸውን አናውቅም፤ ቤታቸውን አናውቅም፤ አፉ በሉን የምንልበት መንገድ የለንም። ውሸቷ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር አለች።

መንገደኛን የሚያስመርሩት

ጉዳዩን ለይተን ስናየው ከድህነት ወይም ከሕንፃ ማነስ የሚመጣው ጥቂት ነው። አብዛኛው ቃልን ካለመጠበቅ የሚመጣ ነው።

አንደኛ፣ ዋጋው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በእንግዳው ፊት ላይ ይነበባል። ጫማው ያማረ አንድ ዋጋ፣ አነጋገሩ የሩቅ አገር የሆነ ሌላ ዋጋ ይባላል። የማታው ቃል ጧት ይለወጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሸቀጡንም ሆነ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ ደንግጓል። ለሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ከአዋጁ በፊት ሙሉ ሱራ ወርዶለታል፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ነው። ማታ የሰፈሩትን ዋጋ ጧት መለወጥስ ከዚህ በምን ይለያል?

ሁለተኛ፣ ምግቡ ነው። ሁሉም «አለ» ይባላል፤ አንድ ሰዓት ካስጠበቁ በኋላ «አልቋል» ይመጣል። ከዚህ የባሰው በር ላይ «የሙስሊም ምግብ» ብሎ ጽፎ፣ ሥጋው ከየት እንደመጣና ድስቱ ምን ሲሠራበት እንደዋለ ሲጠየቅ መሳቅ ነው። ያ ጽሑፍ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ አማና ነው።

ሦስተኛ፣ ንጽሕና ነው። ትናንት ሌላ ሰው ያደረበትን አንሶላ በእጅ ዳብሶ አልጋውን ማንጠፍ ውሃ በማጣት አይመካኝም። ትኋኑንና ቁንጫውን እንግዳው ለማንም አይናገርም ይሆናል፤ ልብሱ ውስጥ ግን ለቤተሰቡ ይዞለት ይሄዳል።

አራተኛ፣ ቤተሰብን የማያስጠጋ አሠራር ነው። መጠጥ ቤቱ ከታች፣ መኝታው ከላይ ሲሆን፣ እናትና እህት ይዞ የመጣ ሰው በሰካራም መሐል አልፎ ነው ክፍሉ የሚደርሰው።

የጂማ ሰው ይህን አያውቅም ነበርን?

ጂማ መንገደኛን ማስተናገድ ከሌላ የምትማር አገር አይደለችም። ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ የሒርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ገበያው የደራው ነጋዴው ማደሪያና ደኅንነት ስላገኘ ነው። ንጉሡ ለሐጅ የሚሄዱ የጂማ ሰዎች በባዕድ አገር እንዳይንገላቱ በሒጃዝ ማረፊያ ቤት እንዳቆሙላቸውም ይታወቃል። ለመንገደኛ ሩቅ አገር ድረስ ቤት ያቆሙ ሰዎች ልጆች ነን።

ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከጣንጃ ተነሥቶ ብዙ አገር ዞሯል። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ላዚቅ ከምትባል ከተማ ሲገባ ሰዎች ከየሱቁ ወጥተው የፈረሶቻቸውን ልጓም ያዙ፤ ሌሎች መጥተው ተጣሏቸው፤ እንዲያውም ጩቤ ተማዘዙ። እሱ ቋንቋቸውን ስላላወቀ ወንበዴዎች መሰሉት። በኋላ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሲያስረዳው፣ ሁለት የወጣት ማኅበራት «እንግዳው እኛ ዘንድ ይረፍ» ብለው ነው የተጣሉት። ዕጣ ተጣለ፤ በየተራም አስተናገዱት።

በእኛም መናኸሪያ ወጣቶች ሻንጣችንን ይጎትታሉ። ልዩነቱ እነዚያ የተጣሉት ለማብላት ሲሆን፣ እነዚህ የሚጣሉት ለደላላ ክፍያ መሆኑ ነው።

ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። ዋጋው ተጽፎ ይለጠፍ፤ ደረሰኝ ይሰጥ። ውሃ ከሌለ «የለም» ይባልና አንድ በርሜል ከነመቅጃው ይቀመጥ። ዘበኛው ለሱብሒና ለሌሊት አውቶቡስ የሚነሳውን ሰው ማታውኑ ይጠይቅ። በየክፍሉ የቂብላ ምልክት ይደረግ፤ ከጂማ ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ እንግዳው ይህን ከየት ያውቃል? ጸጥ ያለው ወገን ለቤተሰብና ለሕመምተኛ ይተው። አልጋ ካለ «አለ» ይባል።

እኛ መንገደኞችም ንጹሕ አይደለንም። ፎጣ ይዞ የሚሄድ፣ ለሁለት ሰው ተከራይቶ አምስት ሆኖ የሚያድር፣ በአንሶላ ጫማ የሚጠርግ ከመካከላችን አለ። የባለ ሆቴሉም ሐቅ ሐቅ ነው።

በሆቴል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ አሠሪ ያዘዘው ውሸት ከእናንተ አንደበት ሲወጣ የእናንተ ይሆናል። ይህንን ከራሳችን አይተናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። አላህ (ሱ.ወ.) ለመንገደኛ ሶላቱን አሳጥሮለታል፤ በረመዷን ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዘዋውር ፈቅዶለታል፤ ዘካት ከሚገባቸው ስምንት ወገኖችም አንዱ አድርጎታል። ዱዓው ተቀባይነት እንዳለውም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ታዲያ ይህ ሰው በየማታው በደጃችን ይቆማል። ጧት ሲወጣ ስለ እኛ ምን ብሎ ዱዓ እንደሚያደርግ የሚወስነው ማታ የመለስንለት ቃል ነው።

እናታችን ዓይናቸው አልሐምዱሊላህ ተሽሏል። ያን ሆቴል ሐላል ብለውት እንደሆነ በቅርቡ ጠየቅናቸው። «መጥቶ ይጠይቀኝ እንጂ» አሉን።